ሾላ በድፍን፦ ስለ ባምባ፣ ስለ ዋርካና ስለ ኦዳ

ባለፈው ዓመት በኦክላንድ ከተማ በተደረገ አንድ የጥናት ስብሰባ ላይ፣ ስለ ክልሎች ሰንደቅ ዓላማዎችና ምልክቶች ጽሑፍ ያቀረቡ አንድ አዛውንት መምህር በኦሮሚያ ሰንደቅ ዓላማ መካከል ያለውን ዛፍ «ዋርካ» ብለው ጠሩት። ከሳን ሆዜ የመጣ አንድ ወጣት ተነሣና «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ኦዳ ዋርካ አይደለም» አለ። አዛውንቱም «ልጄ፣ እኔ ያደግሁት በዋርካ ሥር ነው» ሲሉ መለሱለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በስደት ስብሰባዎች ላይ የተቀመጠ አንባቢ ሁሉ ይገምተዋል። አንዱ «ደግሞ ዛፉንም ልትከፋፍሉት ነው?» አለ፤ ሌላው «የገዛ ዛፋችንን ስም እንኳ ሌላ ሰው ሲያወጣልን ኖረናል» ብሎ መለሰለት። ስብሰባውን የምመራው እኔ ነበርሁና፣ ሰዓቱም ስለ ገፋ፣ «ስሙ በየቋንቋው ይለያያል እንጂ ዛፉ አንድ ነው» የሚል ብያኔ ሰጥቼ ወደሚቀጥለው ርእስ አለፍን።

ብያኔው ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተት ነበር። ወጣቱ ትክክል ነበር። ኦዳ ዋርካ አይደለም። ይሁን እንጂ ወጣቱም ቢሆን ኦዳ በአማርኛ ስም የሌለው፣ ከአንድ ሕዝብ በቀር ሌላው የማያውቀው ዛፍ ነው ብሎ አስቦ ከሆነ፣ ይህም ከእውነቱ የራቀ ነው። ነገሩን ሳንከፍት «ሾላ በድፍን» አድርገን አልፈነዋልና፣ በዚህ ጽሑፍ ከፍቼ ለማየት እሞክራለሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእጽዋት ሊቃውንት ፊኩስ ብለው የሚጠሩት ወገን በዓለም ላይ ወደ 800 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር በሚገኘው በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው ታላቁ የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብ በአገራችን ከ20 በላይ የሚሆኑትን ይቆጥራል። ከነዚህ ውስጥ በአገሩ ሰው ኑሮ ዘንድ ጎልተው የሚታዩት አራት ናቸው። አንደኛው ፊኩስ ቫስታ ነው፤ አማርኛው ዋርካ፣ ትግርኛው ዳዕሮ፣ ኦሮምኛው ቅልጡ ይለዋል። ሁለተኛው ፊኩስ ሲኮሞረስ ነው፤ በአማርኛ ባምባ፣ በትግርኛ ሳግላ፣ በኦሮምኛ ኦዳ ይባላል። ሦስተኛው ፊኩስ ሱር ሲሆን፣ አማርኛው ሾላ፣ ኦሮምኛው ሀርቡ ይለዋል። አራተኛው ፊኩስ ቶኒንጊ፣ በአማርኛ ጭብሃ፣ በኦሮምኛ ደምቢ የሚባለው ነው።

እነዚህ ስሞች እንደ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ የተለያዩ አይደሉም። በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ አገር ባምባም ሾላም በአንድነት ሾላ ይባላሉ፤ በአማርኛው ወንጌል ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ፣ የእጽዋት ሊቃውንት ሲኮሞረስ የሚሉት ሆኖ ሳለ፣ ሾላ ተብሎ ተተርጉሟል። የግእዙ ቃል ሰግላ ነው፤ ትግርኛው ይህን ቃል እስከ ዛሬ ጠብቆታል። በአንዳንድ ወረዳ ዳዕሮ ለባምባውም ያገለግላል፤ ኦዳም በአንዳንድ ቦታ ሰፋ ብሎ ይነገራል። በመጠኑ የራቀ ሰው ሁሉንም ግዙፍ ዛፍ ዋርካ ብሎ መጥራቱ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ይህንን የገጠር ሰው ልቅነት እንደ ማስረጃ ማቅረባችን ነው።

ዛፎቹን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ፍሬው ከየት እንደሚወጣ ማየት ይበቃል። ሾላ ፍሬውን ከወፍራሙ ግንድና ከአሮጌ ቅርንጫፎች ላይ፣ ቅጠል በሌለበት ዘለላ ያንጠለጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሥሩ ድረስ ይወርዳል። ባምባም የርሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅርፊቱ ግን ወደ ቢጫነት የሚያደላና የሚላላጥ ነው፣ መኖሪያውም ይበልጡን በቆላና በወይና ደጋ የወንዝ ዳር ነው። ዋርካ ግን ፍሬውን በቀጭኑ ቅርንጫፍ ጫፍ፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ ነው የሚይዘው። አበቃቀሉም ልዩ ነው። ወፍ የበላችውን ፍሬ ከነዘሩ በሌላ ዛፍ ላይ ትጥላለች፤ ዘሩ እዚያው ከፍታ ላይ ይበቅልና ሥሩን እንደ ገመድ ወደ ምድር ይሰድዳል፤ በመጨረሻም የተሸከመውን ዛፍ አንቆ በቦታው ይተካል። ዛፍ ካጣ በግንብም ላይ ይበቅላል። በጎንደር፣ ጥምቀት በሚከበርበት በፋሲል መዋኛ፣ በግንቡ ላይ እንደ ጣት ተዘርግተው ድንጋዩን የጨበጡትን ሥሮች ያየ ሰው ይህንን ያውቃል። እነዚያ ሥሮች የዚሁ የፊኩስ ወገን ናቸው። ግንቡን እያፈረሱት ነው ወይስ ደግፈው ይዘውታል የሚለው ጥያቄ ለጎብኚ ሁሉ ይመጣበታል፤ የሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ለፈረንጅ ሳይንስ ዛፎቹን ያስተዋወቀው አብዛኛውን የኛ አገር አልነበረም። ባምባን ካርል ሊኔዎስ በ1753 ሰየመው። ዋርካንና ሾላን የሰየማቸው ግን ተማሪው ፔር ፎርስኮል ነው፤ እርሱም በዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር ከተላኩት ሊቃውንት አንዱ ሆኖ የመንን ሲያጠና በ1763 እዚያው ሞተ። ከጉዞው ጓዶች በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር፤ የፎርስኮልን ማስታወሻ በ1775 አሳተመው። ስለዚህ ዋርካችን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከቀይ ባሕር ማዶ ነው። በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ደሊል ከአገራችን በመጣለት ናሙና ይህንኑ ዛፍ እንደ አዲስ ዝርያ ቆጥሮ «ፊኩስ ዳህሮ» ብሎ ነበር፤ «ዳህሮ» ያለው የትግርኛውን ዳዕሮ ነው። የሳይንስ ሕግ የቀደመውን ስም ስለሚያጸና የደሊል ስም ወደቀ፤ ትግርኛው ከሳይንስ መዝገብ ዋና ገጽ ወጥቶ በተሰረዙት ስሞች ዝርዝር ውስጥ ቀረ። የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው።

አሁን ወደ ተረቱ ልመለስ። «ሾላ በድፍን» የምንለው ሳይከፈት፣ ሳይመረመር፣ ሳይገለጥ የሚታለፍን ነገር ነው። ምክንያቱን ከልጅነቱ ሾላ የበላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፍሬው ሲከፈት በውስጡ ነፍሳት አሉበትና፣ የበላተኛው ልብ እንዳይረበሽ ሳይከፍቱ መብላት ይሻላል። በዚህ አባባል ውስጥ ያለው እውቀት ግን ከቀልዱ የጠለቀ ነው።

ሾላ፣ ባምባም ሆነ ዋርካ፣ አበባ የሌለው ዛፍ ይመስላል። ፍሬ የምንለው ግን በእውነቱ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ጉባኤ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ከረጢት ውስጥ ተደብቀው፣ መግቢያቸው በቅርፊት የተሸፈነች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት። በዚያች ቀዳዳ የምትገባው ከትንኝ የማትበልጥ እንስት ተርብ ናት፤ ስትገባ ክንፎቿ ይቆረጣሉ፣ ተመልሳም አትወጣም። ከተወለደችበት ፍሬ ያመጣችውን ብናኝ በአበቦቹ ላይ ታራግፋለች፣ በአንዳንዶቹም እንቁላሏን ትጥላለች። እንቁላል ያልደረሰባቸው አበቦች ዘር ይሆናሉ፤ የደረሰባቸው የልጆቿ ቤት ይሆናሉ። ከሳምንታት በኋላ አስቀድመው የሚወጡት ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ናቸው፤ እንስቶቹን እዚያው ያጠቃሉ፣ ለእንስቶቹም መውጫ ዋሻ ቆፍረው ይሞታሉ። እንስቶቹ ብናኙን በደረታቸው ባለው ኪስ ውስጥ ጭነው ወጥተው ሌላ ዛፍ ፍለጋ ይበርራሉ። የባምባው ተርብ ሴራቶሶለን አራቢከስ ይባላል፤ ሾላ ደግሞ የራሱ ተርቦች አሉት። ባምባ ከተርቡ ውጭ ዘር ሊያፈራ አይችልም፤ ተርቡም ከባምባ ውጭ ልጅ ሊወልድ አይችልም።

እንስቲቱ ከፍሬው ከወጣች በኋላ የምትኖረው ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ሆኖም በናሚቢያ በረሃ፣ በኡጋብ ወንዝ ዳር በሚገኙ የባምባ ዛፎች ላይ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት፣ በነፋስ የተወሰዱ ተርቦች ብናኝን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ርቀው ማድረሳቸውን አረጋግጧል። በእርሻ መካከል ብቻውን የቆመ የሚመስለን ባምባ፣ በዓይን ከማይታይ ሩቅ አገር ባምባ ጋር የተጋባ ነው። ተርቡ ሁልጊዜ የሚገባበት ትኩስ ፍሬ ያስፈልገዋልና፣ ዛፎቹ በየተራ እንጂ በአንድ ወቅት አያፈሩም፤ ስለዚህም ሌላው ዛፍ ሁሉ ባዶ በሆነበት ወራት ለወፉ፣ ለጦጣው፣ ለእረኛውም የሚሆን ፍሬ አንዱ ጋ አይታጣም። በድርቅ ዘመን ሾላና ባምባ ከእረኛ መክሰስነት ወደ ቤተሰብ ምግብነት የሚሸጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የተርብ ነገር በምንኖርበት በካሊፎርንያ አንድ ትልቅ ሥራን አሰናክሎ ያውቃል። የፍራንሲስካን መነኮሳት ከ1769 ጀምሮ ያመጡት ጥቁር በለስ ተርብ ሳያሻው ያፈራ ነበርና ችግር አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ግን «ሳን ፍራንሲስኮ ቡለቲን» የተባለው ጋዜጣ በዓለም ገበያ የከበረውን የሰምርኔስን በለስ ለማላመድ አስቦ ከዚያው ከሰምርኔስ ወደ 14,000 የሚጠጋ ቁራጭ አስመጣና ለደንበኞቹ አከፋፈለ። ዛፎቹ በመልካም አደጉ፤ ፍሬም ያዙ፤ ፍሬው ግን ጠጠር ሳያክል ረገፈ። ገበሬዎቹ የሰምርኔስ ነጋዴዎች ሆን ብለው የማይረባ ዛፍ ልከው አታልለውናል ብለው አሙ። በሰምርኔስ ያሉ ገበሬዎች የዱር በለስ ፍሬ በገመድ ሰክተው በዛፎቻቸው ላይ እንደሚያንጠለጥሉ፣ ከፍሬው የሚወጣው ተርብም ዛፉን እንደሚያስረግዝ ሲነገራቸው፣ የባላገር አጉል እምነት ነው ብለው ሳቁ። በሳን ፍራንሲስኮ ሳይንስ አካዳሚ ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው ጉስታፍ አይዘን ይህንን ደጋግሞ ቢያስረዳም የሰማው ጥቂት ነበር። አሪስጣጣሊስና ቴዎፍራስጦስ ግን ስለ ተርቡ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ጽፈው ነበር። በመጨረሻ በ1899 ከአልጄሪያ የተላኩ ተርቦች በፍሬዝኖ በጆርጅ ሮዲንግ እርሻ ላይ ተላምደው ዛፎቹ አፈሩ፤ ፍሬውም የሁለቱን አገር ስም አዳብሎ «ካሊሚርና» ተባለ። ዛፉን ከአገሩ ማምጣት ቀላል ነበር፤ ዛፉ የሚኖርበትን ኅብረት ማምጣት ግን ወደ ሃያ ዓመት ፈጀ።

የግብጽ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ረጅም ነው። ባምባ የተፈጥሮ አገሩ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለው አፍሪካና የዓረብ ደቡባዊ ክፍል ነው፤ ወደ ግብጽ የሄደው ከዚህ ወገን ነው፣ ከነገሥታቱ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮም እዚያ ይታወቃል። ዛፉ ሄደ፤ አስረጋዡ ተርብ ግን አልተከተለውም። በፍሬው ውስጥ ገብቶ የሚራባ፣ ብናኝ ግን የማያደርስ ሌላ ተርብ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የግብጽ ባምባ ለሺህ ዓመታት ዘር ሳያፈራ፣ በሰው እጅ ቅርንጫፉ እየተቆረጠ እየተተከለ ኖረ። ግብጻውያን ፍሬውን በስለት እየጫሩ ያበስሉት ነበር፤ ቴዎፍራስጦስ እንደሚለው በተጫረ በአራተኛው ቀን ይበስላል። የዛሬ ሊቃውንት፣ በተለይም እስራኤላዊው ያዕቆብ ጋሊል በ1960ዎቹ፣ ቁስሉ ፍሬውን የሚያበስል ኤቲሊን የተባለ ጋዝ እንደሚያስወጣ አሳይተዋል። ነቢዩ አሞጽ ራሱን ከገለጸባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፤ በዕብራይስጡ የሥራው ስም «ቦሌስ» ሲሆን፣ የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት ከግእዙ «በለስ» ጋር ያዛምዱታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ዛሬ በትግራይና በሰሜን ወሎ «በለስ» ሲባል የሚታሰበው አዳም ቅጠሉን የለበሰው ዛፍ ሳይሆን እሾሃማው ቁልቋል ነው። ይህ ቁልቋል የሜክሲኮ ተወላጅ ነው፤ ወደ አገራችን የገባውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጥንታዊውን የግእዝ ስም የወሰደው ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ እኛ ወደዚህ ከመምጣታችን እጅግ ቀድሞ እርሱ ወደዚያ ሄዷል።

የባምባ እንጨት ቀላልና ለስላሳ ነው። ግብጽ ብዙ እንጨት ስላልነበራት ብዙ የሬሳ ሣጥኖቿንና ሐውልቶቿን ከዚህ ጠረበች። በ1860 በሳቃራ የተገኘው የካአፐር ሐውልት ከባምባ የተሠራ ነው፤ የቆፈሩት ሠራተኞች የመንደራቸውን ጭቃ ሹም ስለ መሰላቸው «ሼኽ አልበለድ» አሉት፣ ስሙም በዚያው ጸና። በአገራችን ግን ዝግባ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ወይራ እያለ ለቤትም ለገበታም ዋርካን የሚፈልገው አልነበረም። እንደኔ ግምት ዋርካንና ባምባን በእርሻው መካከል ካቆዩአቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የእንጨታቸው አለመርባት ነው። ጥዱና ዝግባው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ሲመነጠር እነርሱ ቀሩ። ቀፎ ይሰቀልባቸዋል፤ ከብት ይጠለልባቸዋል፤ ቡና ይተከልባቸዋል። ጭብሃ ደግሞ ቅጠሉ ለከብት መኖ ስለሚሆን፣ ከቁራጭም በቀላሉ ስለሚበቅል፣ በትግራይ ገበሬዎች በብዛት ይተክሉታል፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም አጥንተውታል።

ሌላው ምክንያት አክብሮት ነው። የአድባር ዛፍ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ዋርካ ወይም ሾላ ነው። ግንዱ ቅቤ ይቀባል፤ ከሥሩ ቡና ይፈላል፤ ካህናቱ ይቈጣሉ፤ የሚቀባው ሰው ግን እሑድ ቅዳሴ አይቀርም። ከአድባሩ ጎን ችሎቱ ነው። ተሟጋቾች «በልሃ ልበልሃ» የተባባሉት፣ ሽማግሌዎች ደም ያደረቁት፣ ገበያ የቆመው፣ አዋጅ የተነገረው በዚሁ ጥላ ሥር ነው። በአክሱም መካከል ያለው አደባባይ ዳዕሮ ዔላ ይባላል፤ የኤርትራ የአምስት ናቅፋ ወረቀት የሰገነይቲን ዳዕሮ ይዟል። የአዲስ አበባው ሾላ ገበያ፣ በወሎ ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ያለችው ሀርቡ፣ በወለጋ ያለችው ቅልጡ ካራ የነዚሁኑ ዛፎች ስም ይዘዋል።

ነገር ግን «ሁላችንም በዛፍ ሥር ተሰብስበናል፤ ስለዚህ ልዩነት የለም» ማለት ያንኑ የኦክላንዱን ብያኔዬን መድገም ነው። ለአማራው ገበሬ ዋርካ መሰብሰቢያ ቦታ ነው፤ ዛፉ ቢወድቅ ችሎቱ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሥልጣኑ ከዳኛው እንጂ ከዛፉ አይደለም። ለኦሮሞው ኦዳ ከዚህ የተለየ ነበር። በዱከም አቅራቢያ ያለው ኦዳ ነቤ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ያለው ኦዳ ቡልቱም፣ በባሌ ያለው ኦዳ ሮባ፣ በሆሮ ጉዱሩ ያለው ኦዳ ቡሉቅ፣ እንዲሁም ኦዳ ቢሲል የገዳ ጉባኤ መቀመጫዎች ነበሩ፤ ሕግ የሚደነገግባቸው፣ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚተላለፍባቸው ቦታዎች። አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተመው «ገዳ» በተባለው ጥናቱ የዚህን ሥርዓት አሠራር ለዓለም ምሁራን ገልጧል፤ ዩኔስኮም በ2016 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የማዕከላዊው መንግሥት ግዛት ሲስፋፋ ብዙዎቹ ጉባኤዎች ተዳከሙ፤ በአንዳንድ ቦታም ታገዱ። ስለዚህ ያ ወጣት «ኦዳ ዋርካ አይደለም» ሲል የእጽዋት ትምህርት ብቻ መስጠቱ አልነበረም። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ዛፉ አንድ ነው ስል፣ ሳላስበው፣ ከነዚያ ጉባኤዎች አንዱን ለሁለተኛ ጊዜ በተንኩት።

አዛውንቱንም መውቀስ አልሻም። በልጅነታቸው ያደጉበት ዛፍ በእርግጥ ዋርካ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ማንም አልካዳቸውም። የሳቱት ያንን አንድ ዛፍ የዛፎች ሁሉ ስም ማድረጋቸው ላይ ነው። የወጣቱ ወገኖችም ኦዳ ከኦሮሞ ምድር ውጭ እንደማይታወቅ መናገራቸው አልቀረም፤ በዓባይና በተከዜ ሸለቆ የሚበቅለው ባምባ፣ በትግራይ ያለው ሳግላ፣ የካአፐር ሐውልት የተጠረበበት እንጨት፣ ዘኬዎስ የወጣበት ዛፍ ከኦዳ ጋር አንድ ዝርያ ናቸው። አንዱ ሕዝብ ከዚህ ዛፍ ሥር ሕግ አወጣ፤ ሌላው ዳኘ፤ ሦስተኛው ሙታኑን ቀበረበት።

የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ያዘጋጁት ጓደኞቻችን ብያኔዬን ቃል በቃል መዝግበውታል። ለኅትመት ከመዘጋጀቱ በፊት በአዛውንቱ ጽሑፍ ውስጥ በሦስት ቦታ «ዋርካ» የሚለው «ኦዳ (ባምባ)» ተብሎ እንዲታረም፣ የእኔም ብያኔ እንዳይሰረዝ፣ ከሥሩ ግን ስሕተት መሆኑ እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። አዛውንቱ በስልክ ሳነጋግራቸው ሁለቱን እርማቶች ተቀብለዋል፤ ሦስተኛው ላይ ገና እየተከራከርን ነው፤ የእርሳቸው ማስረጃ ጠንካራ ይመስለኛልና።